ዶሮዎቹ ያስነጠሱበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ ተረት መጨረሻ ያለው ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ተረት የሚነግረን አያቴ እንድሪስ ነው፤ የእሱ ተረት ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቀበሮው ጉድጓዱ አፍ ላይ ይደርሳል፣ ንጉሡ ዳኞቹን ያስጠራል፣ ባልቴቷ በሯን ትዘጋለች፤ ከዚያ አያቴ ጉሮሮውን ይጠርግና ፍሙን በእንጨት ጫፍ እየበታተነ «በሉ እንግዲህ» ይለናል። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ «ከዚያስ አባየ?» ብሎ ሲይዘው፣ «ከዚያማ መሸ» ብሎ ይገላገለዋል። እኔ ይኸ የተረት ሁሉ ጠባይ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት የምታወራኝ ጓደኛዬ አንድ ተረት እስከ መጨረሻው ስትነግረኝ የዋሸችኝ መስሎኝ ተጣልቻታለሁ።

የምንኖረው ከአሶሳ ብዙ በማይርቅ የሰፋሪዎች መንደር ነበር፤ መንደሯ ቁጥር እንጂ ስም የላትም። አያቶቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ፣ ከደላንታ ተነሥተው የመጡ ናቸው። እናቴ ፋጡማ እዚሁ ተወልዳ፣ አግብታ አሶሳ ከተማ ገባች፤ እኔና ሰይድም የተወለድነው ከተማ ነው። ሴት አያታችን ዘይነባ ስትሞት ግን አያቴ ብቻውን እንዳይሆን ብለን ዕቃችንን ጠቅልለን መንደሩ ገባን። ያኔ አባቴ ጉባ፣ ግድቡ ላይ ብረት ያስር ስለነበር ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ እናቴም ቀኑን አሶሳ ገበያ ስትነግድ ውላ ሲመሻሽ ደክሟት ትገባና ወዲያው ወደ ማድቤት ትዞራለች። ምሽቱ ስለዚህ የአያቴ ነበር።

ምድጃውን ከብበን እንቀመጣለን። ጣሪያችን ሳር፣ ግድግዳችን ጭቃ የተመረገ ቀርከሃ ነው፤ ማገዶ ሲያጥርም እሳቱ ውስጥ ቀርከሃ ይገባል፤ ቀርከሃ ደግሞ እሳት ሲነካው ይተኩሳል፤ በተኮሰ ቁጥር ሰይድ ዘሎ እኔ ላይ ይወጣል። ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ኩራዝ ነፋስ በነካው ቁጥር የአያቴ ጥላ ግድግዳው ላይ ይረዝማል ያጥራል፤ ጢሱ ዓይናችንን ሲያቃጥለን በልብሳችን ጫፍ እየጠረግን፣ የምናለቅሰው ለጢሱ ይሁን ለተረቱ እኛም ሳንለየው እናዳምጣለን። አያቴ ተረት ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ቀን ላይ በሬ ሲጣራ ግን ድምፁ እስከ ጅረቱ ይሰማ ነበር።

በዚያ ክረምት የሚወደው ተረት የዶሮዋ ተረት ነበር። ድሮ ድሮ ክረምት ገብቶ የአገሩ ሰው እሳት ሁሉ በዝናብ ጠፋ። አንዲት ዶሮ ግን እንቁላሎቿ እንዳይበርዳቸው ብላ አስቀድማ ፍም ውጣ ኖሮ እሳት ያለው እሷ ሆድ ውስጥ ብቻ ሆነ። ሰዉ ይህን ሰማና ያባርራት ጀመር። ዶሮዋ በዝናብ እየሮጠች ከደጅ ደጅ ለመነች፤ አንዱ በቢላ ጠበቃት፣ ሌላው በቅርጫት ሊያፍናት ዳዳው፤ በመጨረሻ መንደር ዳር ካለች አንዲት ባልቴት ጎጆ ደረሰች። «ባልቴቷም ዶሮዋን አስገብታ በሩን ጥርቅም አረገችው» ይላል አያቴ። እዚያ ላይ ያበቃል።

ያኔ ተረቱ የሚቆምበትን ቦታ የሚወስነው ማገዶው ይመስለን ነበር። አያቴ የሚያወራው እንጨቱ ፍም እስኪሆን ድረስ ነውና። ፍሙ ሲቀላ ከበላዩ አመድ ነስንሶ በገል ያፍሰውና፣ በርኖሱን ደርቦ፣ በዝናቡ ውስጥ ወደ ጓሮ ይወጣል። ገሉን የሚወስደው ለዶሮዎቹ ነበር።

ዶሮዎቹ የዘይነባ ናቸው። ዘይነባ በበጋው መጨረሻ ላይ አልጋ ስትይዝ ስለ ልጆቿ አልተናገረችም፤ ልጆቿ አድገዋል። ስለ መሬትም ስለ በሬም አላነሣችም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ውሃ ልታጠጣት ቀና ስታደርጋት፣ አያቴን በዓይኗ ፈልጋ አገኘችውና «አንተየ፣ ዶሮዎቼን አደራ» አለችው። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ሰው ለባሏ ዶሮ አደራ ማለቷን ሰምቶ በለቅሶው ላይ ሳይቀር ፈገግ ያለ ነበር፤ አያቴ ግን አደራ አደራ ነው፣ የዶሮ ነው ተብሎ አይቀልም የሚል ሰው ነው።

ችግሩ ስለ ዶሮ አንዳች የሚያውቀው ነገር አልነበረም። በእነሱ ወግ ዶሮ የሴት ነች፤ የወንድ ድርሻ ቢላ ይዞ ሲጠራ መምጣት ነው። ሲያርስ የሚያውቁት እኩዮቹ ጠዋት ጠዋት ማሽላ በጉያው ይዞ «ኩት ኩት» እያለ ሲጣራ ሲያገኙት ጊዜ አላለፉትም። «እንድሪስ፣ መቼ ነው የምትጥልልን?» ይሉታል። እሱ አይስቅም፣ አይቆጣም። «ስጥል እጠራችኋለሁ» ብሎ ማሽላውን ይበትናል።

የዶሮዎቹ ቤት ከጓሮ በቀርከሃ እግሮች ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ ነበር። ወለሉ በተፈለጠ ቀርከሃ የተረበረበ ሆኖ መካከሉ ክፍት ስለሆነ ኩሱ ወደ ታች ይወድቃል። ግድግዳው እስከ ወገቡ በጭቃ ተመርጓል፤ ከወገቡ በላይ እስከ ሣሩ ክዳን ድረስ ግን ያልተመረገ ባዶ ቀርከሃ ነው፤ እጅ ያሾልካል። አያቴ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ቤቱን ዞሮ ዞሮ አየውና ከንፈሩን መጠጠ። «ምስኪን፣ ሳትጨርሰው ሞተች» አለ።

እናቴ በዚያ ቀን ቤት ነበረች። «አባ፣ እማ ክፍቱን ነበር የምትተወው መሰለኝ» አለችው።

«ደክሟት ነዋ። አቅም ሲያንሳት የተወችው ነው። ደላንታ ሳለን ዶሮ ቆጥ ላይ እንደቆመ ይደርቅ እንደነበር ረስታው መሰለሽ? ብርዱን ተኔ በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች።»

እናቴ አልተከራከረችም። እርግጠኛም አልነበረችም፤ ከቤት ከወጣች ብዙ ዘመኗ ነው። እንዲያውም አባቷ የሟች ሚስቱን ጅምር ሥራ ሊጨርስ መነሣቱ አንጀቷን በላው መሰለኝ፣ ጭቃውን አብራው አቦካች። አያቴ ከወገብ በላይ ያለውን ቀርከሃ በእበትና በጭቃ እስከ ክዳኑ መረገው። የወለሉን ክፍተት ደፈነው። በሩ ላይ ጆንያ በድርቡ ሰቀለ። ከዚያም እጁን ታጥቦ ራቅ ብሎ ቆመና ሥራውን አየው። «አሁን ቤት ሆነ» አለ። ከዘይነባ ሞት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ክረምቱ ገባ። የእኛ አገር ክረምት ሲገባ ቶሎ አይወጣም፤ ቀን ሲዘንብ ውሎ ማታ ይቀጥላል፣ ልብስ ገመድ ላይ ሳይደርቅ ይሻግታል፣ ጨው በዕቃው ውስጥ ውሃ ይሆናል። አያቴ በየምሽቱ ተረቱን እባልቴቷ በር ላይ እያደረሰ፣ ፍሙን በገል እየያዘ ዶሮዎቹ ዘንድ ይሄዳል፤ ገሉን መካከል ላይ አስቀምጦ ጆንያውን ግራና ቀኝ ይወትፍና እጁን ወደ ብብቱ ከትቶ ይመለሳል። «ይሞቃቸዋል» ይለናል ሲቀመጥ። ለራሱ እንኳ ያን ያህል ፍም አያስተርፍም ነበር።

ጠዋት በሩን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ የታዘብኩት ሽታውን ነው። ጆንያውን ስገልጥ አንድ የሚፋጅ ነገር ወጥቶ አፍንጫዬንና ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ እንባዬ እየወረደ አስነጥሳለሁ። ግድግዳው ከውስጥ ሰው ያላበው ያህል ይንጠባጠባል። የሚጎዘጎዝላቸው ገለባ ረጥቦ ኩሱ ከታች ቦክቷል። አንድ ጠዋት እኔ ሳስነጥስ ከውስጥ መልስ መጣ፤ ዶሮ ያስነጥሳል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ሳቅኩ። በሳምንቱ አብዛኞቹ ያስነጥሱ ነበር። ዓይናቸው አረፋ ደፈቀ፣ ፊታቸው አበጠ፣ ሲተነፍሱ ጉሮሯቸው ሲር ሲር ይል ጀመር።

አያቴ ያየው ነገር ብርድ ነበር። ብርድ ሾልኮ የገባበትን ቀዳዳ ፈልጎ በጣቱ ጭቃ እየጠቀጠቀ ደፈነ። ጆንያውን ሦስት ድርብ አደረገው። የፍሙን ገል ሁለት አደረገ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ በውሃ ሰጣቸው፣ ሚጥሚጣ በሊጥ ጠቅልሎ አጎረሳቸው፣ ዓይናቸውን በጨው ውሃ በጨርቅ ጠረገ፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ እጁ እንደ እናት እጅ ነበር፣ ይኸን መመስከር አለብኝ። ዶሮዎቹ ግን እያደር አለቁ። ቀዩ አውራ ሞተ። ሁለቱ ገብስማዎች ተከታትለው ሞቱ። ጫጩቶቹ አንድ ጠዋት ከገሉ አጠገብ ተደራርበው ሞተው ተገኙ። አያቴ እያንዳንዱን በመቆፈሪያ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብራል፤ ለውሻ አይጥልም።

እናቴ መታገሥ አቃታት። አንድ ምሽት ከገበያ እንደገባች ገና ዕቃዋን ሳታወርድ፣ የቀሩት ሳይታመሙ ይሸጡ አለች። «ዛጎልማዋ እንኳ ገና ደኅና ናት፤ ነገ ይዣት ልሂድ» አለች። ዛጎልማዋ ዘይነባ ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት፣ እግሯ ላይ ላባ ያላት አሮጊት ዶሮ ነበረች፤ ዘይነባ ደጅ ስትቀመጥ ቀሚሷ ላይ ትወጣ ነበር ይባላል።

«አደራ ይሸጣል እንዴ?» አላት አያቴ።

«ስትሞት ከማየት ይሻላል ብዬ ነው።»

«ስትሞትም እኔው አያታለሁ። ለኔ ነው የሰጠችኝ።»

ያን ምሽት ተረት አልነበረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብላ እናቴ ማድቤት ገብታ ድስቱን ስታንኳኳ ሰማኋት፤ ሲቆይ ደግሞ ስታለቅስ ሰማኋት። እኔም ከፍቶኝ ነበር። አያቴ እየለፋ ያለው ሚስቱ በሞት አፋፍ ላይ የለመነችውን አንድ ነገር ለመፈጸም መሆኑን፣ ያም ነገር ከእጁ እየወጣ መሆኑን ያኔም ልጅ ሆኜ ይገባኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ዛጎልማዋም አስነጠሰች።

እቴ ሐዋ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ሐዋ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናት፤ ቤቷ ከጅረቱ ማዶ፣ ከሰፈራው በፊትም የነበረ ሰፈር ውስጥ ነው። የዘይነባ ጓደኛ ነበረች። ዘይነባ ስትሞት እሷ ሱዳን ድንበር ላይ ኩርሙክ ሴት ልጇን ልታርስ ሄዳ፣ ክረምቱ መንገዱን ቆርጦባት እዚያው ሰንብታ ስለነበር ለቅሶ የደረሰችው ገና አሁን ነው። ጭቃ እስከ ጉልበቷ ደርሷል። ቤት ገብታ ከአያቴ ጋር ዱዓ አደረገች፤ አለቀሰች፤ ሻይ ጠጣች። ልትሄድ ስትል ወደ ጓሮ ዞራ ቆመች። አያቴን የምትጠራው በእናቴ ስም ነበር፤ አማርኛዋም ሴቱን ሁሉ ወንድ ያደርጋል።

«አቡ ፋጡማ፣ ይሄ ማን ሠራ?»

«እኔ ነኛ» አለ አያቴ። ድካሙ ውስጥ እንኳ ትንሽ ኩራት ነበረበት። «ሟች ሳትጨርሰው ቀረች። እኔ ጨረስኩላት።»

ሐዋ ምርጊቱን በመዳፏ ነካችው። ጆንያውን ገልጣ ራሷን አስገባችና ወዲያው አፍንጫዋን ይዛ ወጣች።

«ዘይነባ ጨርሷል» አለች።

«ኧረ አልጨረሰችውም! ይኸ ሁሉ ክፍት ነበር።»

«ወላሂ ጨርሷል። ይሄ ክፍት እኔና ዘይነባ ሁለታችን ሠራ። መጀመሪያ ዓመት ዘይነባ እንደ አንተ ዘጋ። ዶሮ ሁሉ ሞተ። ዘይነባ እኔ ቤት መጣ፣ አለቀሰ። እኔ አልኩት፣ ዶሮ ብርድ አይፈራም፣ ልብስ አለው። ዶሮ የሚፈራ እርጥብ ነው፤ ኩስ የሚያወጣ ሽታ ነው። ወደ ታች ዝጋ፣ ወደ ላይ ክፈት። ከፈተ። ስንት ዓመት ክፍት ነው። አንተ አላየም?»

ዝናቡ ለጊዜው አባርቶ ነበር። አያቴ በየማለዳው በሬዎቹን እየነዳ በዚያ የዶሮ ቤት ሥር ያልፋል፤ ለብዙ ዓመት አልፏል። ቀና ብሎ ምርጊቱን አየው፤ ከዚያ ሐዋን አየ። ምክንያት ይፈልጋል ብዬ ጠበቅኩ፤ አያቴ ምክንያት አያጣም ነበር።

«አላየሁም» አለ።

ሐዋ ልትስቅ እንደ መዳዳት አለችና ፊቱን አይታ ተወችው። እሱ ቁልቁል ወደ እጁ ተመለከተ። አዘንኩለት። ከዚያ አንድም ቀን ከአፉ ሰምቼው የማላውቀውን ጥያቄ ጠየቀ፤ «ሌላስ ምን ታደርግ ነበር?»

ሐዋም ተቀምጣ ነገረችው። ዘይነባ ማታ ዶሮ ከመግባቱ በፊት ማሽላ እፍኝ እፍኝ ትሰጥ ኖሯል፤ «ሆድ ሞልቶ ከተኛ ዶሮ ራሱ እሳት ነው» አለች ሐዋ። ገለባው ሲረጥብ ሳትውል ሳታድር ትቀይር ኖሯል። ደረቅ አመድ በሰባራ ጋን አድርጋ ከክዳኑ ሥር ታስቀምጥላቸዋለች፤ ዶሮዎቹ ይታጠቡበታል፣ ቅማል ይተዋቸዋል። ነፋስ የሚያገባ ዝናብ ሲመጣ አንድ ጆንያ በነፋሱ ወገን ብቻ ትጥላለች፣ ሲያባራ ታነሣለች። እሳት ግን እዚያ ቤት አስገብታ አታውቅም። «ጢስና እርጥብ አንድ ላይ፣ ኸላስ፣ ዶሮ አለቀ» አለች።

ሐዋ እንደሄደች አያቴ መቆፈሪያውን አመጣና የመረገውን በገዛ እጁ አፈረሰው። ያን ያህል የለፋበት ምርጊት ረጥቦ ስለነበር በትልልቅ ቁራጭ እየተገመሰ ወደቀ። ውስጡን ጠረግነው፣ ወለሉን ከፈትነው፣ ከጎተራው ሥር ደረቅ ገለባ አምጥተን ጎዘጎዝን። በዚያ ሌሊት ዶሮዎቹ ይሞታሉ ብዬ ስለፈራሁ ጠዋት በሩን የከፈትኩት ሁለት ጊዜ ቆም ብዬ ነው። የሚፋጀው ሽታ አልነበረም። ዶሮዎቹ ላባቸውን ነፍተው፣ ተጠጋግተው፣ ቆጣቸው ላይ ተቀምጠው አዩኝ።

ሁሉም ዳኑ ብል ውሸት ነው። ከዚያም በኋላ የሞቱ አሉ፤ የጠናበት ጠንቶበታል። የተረፉት ግን እያደር ማስነጠሱን ተዉ፣ ማሽላው ሲበተን መሻማት ጀመሩ። ዛጎልማዋ አንድ ዓይኗ ጠፋ፤ በአንዱ እያየች፣ ራሷን ወደ ጎን እያዘነበለች ኖረች። አደይ ሲፈነዳ ታቅፋ ፈለፈለች።

ሐዋ ከዚያ በኋላ ትመላለስ ነበር። አንድ ምሽት ዝናብ ይዟት ቤታችን ራት ስትበላ ሰይድ እንደ ልማዱ የዶሮዋን ተረት ጠየቀ። አያቴም እየተናገረ፣ ሰውን ሁሉ ዶሮዋን እያስባረረ፣ ባልቴቷ ደጅ አደረሰና በሩን አዘጋ። ከዚያ ቆመ። አሁን ለጓሮ የሚወሰድ ፍም ስላልነበረ ጉሮሮውን ከመጥረግ በቀር የሚሠራው ነገር አጣ።

«ከዚያስ?» አለ ሰይድ።

ሐዋ እጇን እየላሰች «አንተ ጨርሶ አያውቅም?» አለችው። «ዘይነባ ማሽላ ስንፈለፍል ስንት ጊዜ ነገረኝ።» ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። «ባልቴት በር ዘጋ። እሳት እንዳይሰረቅ ቀዳዳ ሁሉ ደፈነ። ዶሮ ሆድ ውስጥ ያለ ፍም ጢስ አወጣ፣ ጢስ ቤት ሞላ፣ ዶሮ ሊሞት ሆነ። ባልቴት ደነገጠ። ከጣራ ሥር ሣር በጠሰ፣ ቀዳዳ ሠራ። ጢስ ወጣ። ዶሮ አንገቱን አነሣ፣ ሰማይ አየ፣ ተነፈሰ። ለዛ ነው ዛሬም ዶሮ ውሃ ሲጠጣ ወደ ላይ የሚያይ፤ ቀዳዳ አለ ወይ ብሎ።»

ሰይድ በረጅሙ ተነፈሰ። ተረት ሲያልቅ ሰውነት እንዴት ፈታ እንደሚል ያን ዕለት አወቅኩ።

«ደላንታ ሳለን እንዲህ ነበር የሚያልቀው?» አለ አያቴ ለራሱ ያህል። «ለልጆቹ ስትነግራቸው አልጋ ላይ ሆኜ እሰማት ነበር። ቀኑን ሳርስ ውዬ፣ በሩ ጋ ስትደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

እናቴ ከማድቤቱ በር ላይ ሆና ትሰማ ኖሯል። «እኛም እዚህ ስንሰማው እንዲሁ ነበር የሚያልቀው» አለች።

«ታዲያ ይኸን ሁሉ ጊዜ ሳጓድለው ምነው ዝም አልሽኝ?»

«መቼ ጠየቅኸኝ አባ?»

አላስቀየመችውም፤ በቁጣም አልተናገረችውም። ደክሟት ነበርና እንደ ተራ ነገር ነው ያለችው። አያቴ ግን ያቺን ንግግር ዋጥ አድርጎ ይዟት ቀረ። ተረቱን ዘይነባ ከአገሯ እንዲህ አድርጋ ይዛው መጥታ ይሁን፣ ወይም እዚህ ዶሮዎቿ ካለቁ በኋላ መጨረሻውን ራሷ ሠርታው ይሁን፣ ከእኛ ወገን የሚያውቅ አልተገኘም። እኔ ራሷ የሠራችው ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ አያቴ መጠየቅ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ጅረቱን ተሻግሮ ሐዋ አጥር ሥር ይቀመጣል፤ ሲመለስ ወሬ ይዞ ይመጣል። «ዘይነባ የበርታን ቋንቋ ትሰማ ኖሯል» ይለናል። ሌላ ቀን ደግሞ ዘይነባ በሬዎቹ ሲታመሙ ለብቻዋ ታለቅስ እንደነበር ሰምቶ ይመጣል። ሚስቱን ከሞተች በኋላ፣ ሊያገባት እንደሚያስባት ልጅ፣ ከጎረቤት እየጠያየቀ ያውቃት ጀመር። አንድ ቀን ግን ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «ኩርሙክን ማየት ትፈልግ ኖሯል» አለን። «ሐዋ ልጇ ዘንድ ልትወስዳት ተቀጣጥረው ነበር። ቢነግሩኝ እኔ እምቢ እላለሁ?» ዓይኑን ጠረገ፤ ምድጃው ያን ሰዓት አልነደደም፣ ጢስ አልነበረም።

አያቴ ካረፈ ቆይቷል። እኔ አሁን አሶሳ ዳር ላይ ዶሮ አረባለሁ፤ የሐበሻውንም የፈረንጁንም። ቤቱ ከታች የተመረገ፣ ከላይ ወንፊት ሽቦ የተወጠረበት ነው፤ ወለሉ ከፍ ያለ፣ ጉዝጓዙ ደረቅ። ክረምት ሲመጣ ዶሮ የጀመሩ ሴቶች እየመጡ እንዴት ላሙቃቸው ይሉኛል፤ ከሰል ላስገባ ወይስ ፕላስቲክ ልሸፍን የሚሉ ናቸው። ጫጩት ከሆነ አዎ፣ ከታች ሙቀት ይፈልጋል፤ ለትልቁ ግን ደረቅ ገለባና ማታ የጠገበ ሆድ ይበቃዋል፣ ከላይ ክፈቺለት እላለሁ። ግማሾቹ አያምኑኝም። ብርድ የሚያውቅ ሰው መክፈት ይከብደዋል፤ አልፈርድባቸውም።

ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ ወደ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ እህል ያመላልሳል። ሲመሻሽ ደክሞት ይገባል። ዝናብ ያዘለ ነፋስ በሱዳን በኩል ሲነሣ እጁን ይዤ ወደ ዶሮዎቹ እወስደዋለሁ፤ የትኛው ጆንያ እንደሚወርድ፣ የትኛው እንደማይነካ አሳየዋለሁ።

«አንቺ ታውቂው የለ?» ይለኛል ሁልጊዜ።

«እኔ ማወቄ አንተን ምን ጠቀመህ?» እለዋለሁ።

እያጉረመረመ ያያል፤ አንዳንዴ ራሱ ያወርደዋል። ተመልሰን ስንቀመጥ ደግሞ እኔ በተራዬ ስለ መኪናው፣ ስለ መንገዱ፣ የትኛው ድልድይ ላይ ልቡ እንደሚፈራ እጠይቀዋለሁ። ስለ ሞተር ብዙም አይገባኝም፤ ቢሆንም እጠይቀዋለሁ።